ሻጩ በሰጣችሁ ስልክ ሻጩን አታጣሩ

ኢሜይሉ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ከጓንዡ ያስመጣል። ከፋብሪካው ጋር ሦስት ዓመት ሠርቷል። ኢሜይሉ እንደወትሮው በስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል። ያዘዘውን ዕቃ ዓይነትና ብዛት ሳያዛንፍ ይጠቅሳል። ከዚያ «የድርጅታችን ሂሳብ ኦዲት እየተደረገ ስለሆነ የዚህን ዙር ክፍያ በሚከተለው ሂሳብ ይላኩልን» ይላል። የታረመ ፕሮፎርማም ተያይዟል። ማኅተሙ ያው ነው፣ ፊርማውም ያው። እሱም ወረቀቱን ይዞ ባንክ ሄደ። ባንኩ በቀረበለት ፕሮፎርማ መሠረት ላከ። 14 ሺህ ዶላር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፋብሪካው የሽያጭ ሠራተኛ «ክፍያው ምነው ዘገየ?» ብላ በዊቻት ጻፈችለት።

ያን ምሽት ቤቱ ቁጭ ብለን ኢሜይሎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። በእውነተኛው አድራሻ ውስጥ «ኤም» የምትባለው የላቲን ፊደል አለች። በሐሰተኛው ውስጥ በእሷ ቦታ «አር» እና «ኤን» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በስልክ ስክሪን ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ቁርጥ ኤም ይመስላሉ። እኔ ራሴ የለየኋቸው ሦስቴ ካየሁ በኋላ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዘመዴ ዝም ብሎ አልከፈለም። «ሂሳቡ በርግጥ ተቀይሯል?» ብሎ ጠይቋል። በሰዓቱም «አዎ፣ ተቀይሯል» የሚል መልስ አግኝቷል። የጠየቀው ግን ለዚያው ኢሜይል መልስ በመጻፍ ነበር። ሌባውን ሌባ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው ማለት ነው።

ከውጭ አገር ሻጮች ጋር ስለሚደርስ ማጭበርበር ባነበብኩና በሰማሁ ቁጥር የምደርስበት ነጥብ ይኸው ነው። ሰው አያጣራም የሚባለው ልክ አይደለም። ያጣራል። የሚያጣራው ግን ሻጩ ራሱ በሰጠው ስልክ፣ ሻጩ በላከው ፎቶ፣ ሻጩ ባቀረበው የምስክር ወረቀት ነው። ማጣራት ማለት ሻጩ እጁን ሊያስገባበት በማይችል መንገድ መጠየቅ ነው። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ነገሩ አሁን የሚያሳስበኝ በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የማስመጣት ሥራ መልኩ ተለውጧል። ከዚያ በፊት ዶላር ለማግኘት ወራት ይጠበቅ ነበር። በዙሪያዬ ወረፋውን ፈርተው ያልሞከሩ ሰዎች ዛሬ ፕሮፎርማ ይዘው ባንክ ሲገቡ አያለሁ። ደስ ይላል። ግን ያኔ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ 10 ሺህ ዶላር የተበላ ሰው ያጣው ወደ 570 ሺህ ብር ነው። ዛሬ ያው ገንዘብ ከሚሊዮን ብር በላይ ነው። ለአንድ ጀማሪ ነጋዴ ይህ ሱቁ፣ መኪናው፣ አንዳንዴም ቤተሰቡ ዋስ ሆኖ ያስበደረው ገንዘብ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው አሊባባ ከሚባለው የቻይና የኢንተርኔት ገበያ ነው። እዚያ ላይ ከሻጩ ስም አጠገብ ያለችውን ምልክት አይቶ «የተረጋገጠ ነው» ይላል። እዚህ ላይ አንድ ታሪክ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ አሊባባ ራሱ ይፋ እንዳደረገው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ «ጎልድ ሰፕላየር» የሚል ምልክት የነበራቸው ከ2,300 በላይ ሻጮች ገዢዎችን አጭበርብረዋል። ወደ 100 የሚሆኑ የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኞችም አውቀው ወይም ዓይናቸውን ጨፍነው አሳልፈዋቸዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የኦፕሬሽን ኃላፊው በግላቸው እጃቸው ባይኖርበትም ኃላፊነቱን ወስደው ለቀቁ። ያ ምልክት በዓመት ክፍያ የሚገኝ የአባልነት መታወቂያ ነበር። ዛሬ «ቬሪፋይድ» የሚባለው ደረጃ በሦስተኛ ወገን የሚደረግ ምርመራ አለው፣ ከቀድሞው ይሻላል። «ትሬድ አሹራንስ» የሚባለው የክፍያ ዋስትናም እውነተኛ ነገር ነው። ግን የሚሠራው ክፍያው በዚያው መድረክ በኩል ካለፈ ብቻ ነው። ስለዚህ «ወደ ዋትስአፕ ና፣ በቀጥታ ከከፈልክ 5 በመቶ እቀንስልሃለሁ» ያላችሁ ሰው የሚቀንስላችሁ ዋጋውን ብቻ አይደለም። ዋስትናችሁንም ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ሻጩ እጁን የማያስገባበት መንገድ የት አለ? ለቻይና ከሆነ አንዱ መንገድ በነፃ ይገኛል። ሻጩን የንግድ ፈቃዱን ፎቶ ጠይቁት። እውነተኛ ድርጅት ይህን ለመላክ አያቅማማም። ፈቃዱ ላይ 18 ሆሄ ያለው መለያ ቁጥር አለ፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት። የቻይና መንግሥት ደግሞ ድርጅቶችን ሁሉ የሚመዘግብበትና ለማንም ክፍት የሆነ ብሔራዊ የመረጃ ቋት አለው። ቁጥሩን እዚያ ስታስገቡ የድርጅቱ ስም፣ የተመሠረተበት ቀን፣ የሕጋዊ ወኪሉ ስም፣ አድራሻውና የተፈቀደለት የሥራ ዘርፍ ይመጣል። ገጹ በቻይንኛ ነው፣ አንዳንዴም ከውጭ አገር ለመክፈት ያስቸግራል። ቢሆንም በስልክ ተርጓሚ ይነበባል።

ቁጥሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። በ91 ከጀመረ ድርጅት ነው። በ92 ከጀመረ የግለሰብ ንግድ ነው። «500 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ነን» የሚለው ሰው ቁጥሩ በ92 ከጀመረ ነገሩ አልገጠመም። ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ሆሄያት የአካባቢ ኮድ ናቸው። 4401 ጓንዡ ነው፣ 4403 ሸንዘን፣ 330782 ደግሞ የብዙ ነጋዴዎቻችን እግር የሚደርስባት ዪዉ። ፋብሪካዬ ዪዉ ነው እያለ ቁጥሩ ሸንዘንን ካሳየ ድርጅቱ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ቢያንስ የምትጠይቁት ጥያቄ አገኛችሁ።

ሰው ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የቻይና ድርጅት ሕጋዊ ስሙ የቻይንኛው ስም ብቻ ነው። በቢዝነስ ካርዱ ላይ የምታዩት የእንግሊዝኛ ስም ድርጅቱ ለራሱ ያወጣው ነው፤ ነገ ሌላ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ላይ የቻይንኛው ስም ይኑር። መሐሉ ኮከብ ባለበት ክብ ቀይ ማኅተም ዙሪያ የተጻፈውም ያው ስም መሆን አለበት። ቻይንኛ ባታነቡም ፊደሎቹን እንደ ሥዕል አንድ በአንድ ማመሳሰል ትችላላችሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የሥራ ዘርፉንም እዩ። ፋብሪካ ነኝ የሚል ድርጅት ፈቃዱ ላይ ማምረት የሚል ቃል ከሌለው ነጋዴ ነው ማለት ነው። ነጋዴ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ነጋዴዎች አሉ። ግን የዋሻችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ሕንድ ከሆነ ደግሞ 15 ሆሄ ያለው የግብር መለያ ቁጥር አለ። በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ይጣራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ግዛቱን ይነግሯችኋል፤ 24 ጉጃራት፣ 27 ማሃራሽትራ። ዱባይ ትንሽ ትወሳሰባለች፣ ምክንያቱም ነፃ ቀጠናዎቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ለይታችሁ ለዚያው አካል መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የሻጩ ስምና የሂሳቡ ስም አንድ መሆን አለባቸው። የሽያጭ ሠራተኛዋ የግል ሂሳብ ከተላከላችሁ እዚያው አቁሙ። የሚያስቸግረው ሆንግ ኮንግ ነው። ብዙ ንጹሕ የቻይና ነጋዴዎች ዶላር የሚቀበሉት ሆንግ ኮንግ ባቋቋሙት ድርጅት ሂሳብ ነው። ስለዚህ ሆንግ ኮንግ ስላለ ብቻ ሌባ ነው አይባልም። ግን የሆንግ ኮንጉ ድርጅት ስሙ ቢመሳሰልም በሕግ ሌላ ሰው ነው። በትንሽ ካፒታል በጥቂት ቀናት ይቋቋማል። ከፋብሪካው ጋር ውል ፈርማችሁ ለዚያኛው ከከፈላችሁ፣ ነገ ፋብሪካው «እኔ ምንም አልተቀበልኩም» ቢል እውነቱን ነው። ቢያንስ በውሉ ላይ ሁለቱም ይግቡ፤ ፋብሪካውም ክፍያው በዚያ ሂሳብ እንዲገባ መስማማቱን በማኅተሙ ያረጋግጥ።

ስም መመሳሰል ምን ያህል እንደሚያታልል ማየት የፈለገ የጉግልንና የፌስቡክን ታሪክ ይመልከት። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል ሊቱዌኒያዊ ኳንታ ከተባለው የታይዋን ኮምፒውተር አምራች ጋር ስሙ አንድ የሆነ ድርጅት ላትቪያ ውስጥ አስመዘገበ። ኳንታ የሁለቱም ኩባንያዎች እውነተኛ አቅራቢ ነበር። እሱም በዚያ ስም ሐሰተኛ ደረሰኞችና ውሎች እየላከ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ። ገንዘቡ የገባው ላትቪያና ቆጵሮስ ባሉ ባንኮች ነበር። በ2019 መጨረሻ 5 ዓመት ተፈረደበት። እንግዲህ ጉግል የሕግ ባለሙያና የሂሳብ ክፍል አጥቶ አይደለም። አቅራቢው የታይዋን፣ ሂሳቡ የላትቪያ ሲሆን ስልክ አንሥቶ ኳንታን የሚጠይቅ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። የዘመዴም ነገር ይኸው ነው፣ በመጠን ቢያንስም።

«እኔ በኤልሲ ነው የምሠራው፣ ባንክ አለ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ኤልሲ፣ ማለትም ሻጩ የተባሉትን ሰነዶች ሲያቀርብ ባንክ የሚከፍልበት መንገድ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለሻጩ ከሚላክበት ከቲቲ እጅግ ይሻላል። ግን ምን እንደሚጠብቅ በትክክል እንወቅ። የዓለም ባንኮች በኤልሲ ላይ የሚመሩበት ዩሲፒ 600 የተባለ ደንብ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። አንቀጽ 5 ባንኮች የሚሠሩት ከሰነድ ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ባንኩ ኮንቴነር አይከፍትም። ሰነዱ ከተሟላ ይከፍላል። ውስጡ አሸዋ ቢሆንም። ሲኤዲ በሚባለው የክፍያ መንገድም ቢሆን ሰነዱን ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ እንጂ ዕቃውን አይታችሁ አትከፍሉም።

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ የታየ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤት ይጠናል። ገዢው ለብሩሽ የሚሆን ጠንካራ ፀጉር ከሕንድ አዘዘ። ሻጩ 50 ሳጥን በላም ፀጉርና በማይረባ ቆሻሻ ሞልቶ ጫነ፣ ሰነዱንም አሟልቶ አቀረበ። ዳኛው እንዲህ ያለ ግልጽ ማጭበርበር ባንኩ ከመክፈሉ በፊት ከታወቀ ክፍያው ሊታገድ ይችላል አሉ። ቁልፉ «ከመክፈሉ በፊት» የሚለው ነው። አንድ ነጋዴ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴነሩ ሲከፈት የሚያየው ነገር ከከፈለ በኋላ የሚያየው ነው።

መፍትሔው በኤልሲው ውስጥ አንድ ሰነድ መጨመር ነው፤ ከመጫኑ በፊት ዕቃውን ያየ ገለልተኛ ድርጅት የሰጠው የምርመራ ወረቀት። ኤስጂኤስ፣ ቢሮ ቬሪታስ፣ ኢንተርቴክ፣ ኮቴክና የዚህ ሥራ ታዋቂ ስሞች ናቸው። ቻይና ውስጥ ለአንድ ቀን ምርመራ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው። መርማሪውን የምትመርጡትና የምትከፍሉት እናንተ ሁኑ። ሻጩ «እኛ እናስመረምራለን፣ አታስቡ» ካለ ያ ምርመራ አይደለም። ወረቀቱም ሲመጣ ቁጥሩን ለድርጅቱ ቢሮ በቀጥታ ጠይቁ፤ ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ማተም ከባድ ሥራ አይደለም።

ይህም ሆኖ ምርመራው እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2020 መርኩሪያ የተባለው የጄኔቫ ግዙፍ ነጋዴ ከቱርክ መዳብ ገዛ። ዕቃው ወደ ኮንቴነር ሲገባ በመርማሪ ታየ፤ መዳብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኮንቴነሮቹ ተከፈቱ። መዳቡ ወጥቶ በቦታው መዳብ እንዲመስል ቀለም የተቀባ የእግረኛ መንገድ ድንጋይ ገባ። ሐሰተኛና እውነተኛ የኮንቴነር ፕሎምፕ (የበሩን ማሸጊያ) እያቀያየሩ ነበር የሠሩት። መርኩሪያ 36 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ኮንቴነሮቹ ቻይና ሲደርሱ ውስጣቸው ድንጋይ ነው። ስለዚህ መርማሪያችሁ ዕቃውን አይቶ ብቻ አይሂድ። ሲታሸግ እዚያው ይቁም። የፕሎምፑን ቁጥር ፎቶ ያንሳ። ያ ቁጥር ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ካለው ጋር፣ በኋላም ጅቡቲ ላይ በሩ ላይ ከተንጠለጠለው ጋር አንድ ይሁን። የኮንቴነሩን ቁጥርም በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው። መርከብ ላይ ተጭኗል የተባለ ኮንቴነር እዚያ ከሌለ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ወረቀት ብቻ ነው።

ስለ ዋጋ ብዙ አልልም። አንድ ምሳሌ ይበቃል። የመዳብ ዋጋ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ በየቀኑ ይወጣል፤ ማንም ማየት ይችላል። የኤሌክትሪክ ገመድ ስታዝዙ በውስጡ ያለውን መዳብ በኪሎ አስሉ። የገመዱ ዋጋ ከጥሬ መዳቡ በታች ከሆነ ውስጡ መዳብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ነው። እንዲህ ያለው ገመድ ይግላል፤ ቤት ያቃጥላል። ያኔ ኪሳራው የነጋዴው ብቻ አይሆንም።

በቪዲዮ ጥሪ ማየትም ይጠቅማል፣ ከታወቀበት። «ፋብሪካውን አሳየኝ» ካላችሁ ያዘጋጀውን ያሳያችኋል። ይልቅ ከውጭ በሩ ጀምሩ። የበሩን ታፔላ አሳየኝ በሉት። ካሜራውን ሳያጠፋ ይግባ። ቻይና ውስጥ የንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት፤ እሱን ያሳያችሁ፣ 18ቱን ሆሄያት እያነበባችሁ ከያዛችሁት ጋር አስተያዩ። ከዚያ ወደ ማምረቻው ይሂድ። የሰው ፋብሪካ ተከራይቶ የሚቀርጽ ሰው ግድግዳው ላይ ያለው ፈቃድ የራሱ አይሆንም።

እንደ ሰው ግን የሚታመን ነገር የለም፣ በትክክል ከተመረጠ። እዚህ ላይ እኛ ጥሩ ዕድል አለን። ጓንዡ ውስጥ የሚኖሩ ሐበሾች አሉ፣ ቆንስላ ጽሕፈት ቤትም አለን። ዱባይ ደግሞ ዘመድ የሌለው ማን አለ? የግማሽ ቀን ታክሲና ምሳ ችላችሁ አንድ ሰው ሄዶ ቦታውን እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ድንገት ይሂድ፤ ቀጠሮ አያስፈልግም። መጠንቀቅ ያለባችሁ «የኛ ሰው» የሚባለው ደላላ ላይ ነው። ብዙዎቹ ቅን ናቸው። ግን ከፋብሪካው ኮሚሽን የሚበላ ሰው፣ ወንድማችሁ ቢሆንም፣ የሻጩ ዓይን ነው። የሚያይላችሁን ሰው ክፍያ እናንተ ቻሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ገንዘቡ ከሄደስ? ሰዓት ነው የሚወስነው። በተጠረጠረበት ደቂቃ ባንካችሁ ሄዳችሁ ክፍያው እንዲመለስ ባንኮች በሚላላኩበት በስዊፍት መልእክት ይላክ በሉ። ተቀባዩ ባንክ ማጭበርበር መሆኑ በግልጽ ይነገረው። ለፖሊስም እዚያው ቀን አመልክቱ፤ የፖሊስ ማመልከቻ ቁጥር ሲኖር የውጭው ባንክ ቶሎ ይሰማል። ሌባው ገንዘቡን ወደ ሌላ ሂሳብ ለመበተን ሁለትና ሦስት ቀን በቂው ነው። ብዙ ሰው ግን አፍሮ ይደብቃል። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ላይ ይደርሳል፣ ጉግል ላይም ደርሷል፤ አትፈሩ፣ ተናገሩ። ሻጩ እውነተኛ ድርጅት ሆኖ መናኛ ዕቃ ልኮ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክን የግልግል ዳኝነት ስምምነት ተቀብላለች፣ ቻይናም አባል ናት። በውላችሁ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ፣ እዚህ ያገኛችሁት ውሳኔ እዚያ ሊፈጸም ይችላል። ባዶ ድርጅት ላይ ግን ውሳኔ ይዞ የሚገኝ ንብረት የለም። ለዚህ ነው መዝገቡን መጀመሪያ ማየት የሚያዋጣው።

የአክስቴ ልጅ ባንኩ ላይ የደረሰው በ15ኛው ቀን ነበር። ገንዘቡ አልተመለሰም። ከዚያው ፋብሪካ ጋር ግን ዛሬም ይሠራል፤ እነሱም በጥፋቱ አልነበሩበትም። አሁን ሱቁ ውስጥ ከመሳቢያው ሥር ትንሽ ሰማያዊ ደብተር አለች። ጓንዡ በሚካሄደው የካንቶን ፌር የንግድ ትርኢት ላይ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር በአካል ሲገናኙ የተቀበላቸው ስልኮች የተጻፉት እዚያ ነው። ፕሮፎርማ በመጣ ቁጥር ከደብተሯ አውጥቶ ይደውላል። የሂሳቡን የመጨረሻ አራት አኃዞች እሱ አይናገርም፤ የሽያጭ ሠራተኛዋ ትነግረው ዘንድ ይጠብቃል። እስክትነግረው ድረስ ባንክ አይሄድም።